ነገ የት ነን?

ዓርብ ማታ ነው። የዶርማችን ኩሽና ውስጥ አምስት ሰው ለአራት ምድጃ ይጋፋል። የአንዱ ሩዝ ይገነፍላል፣ የሌላዋ ሽንኩርት ያርራል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። በዚህ መሀል አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሞንጎሊያዊው፣ ማማሰያውን እንደያዘ ዞር ይልና "ነገ የት ነን?" ይላል። ልብ በሉ፣ "እንሂድ ወይ?" አይደለም ያለው። መሄዱማ ያለቀለት ጉዳይ ነው። የቀረው ቦታው ብቻ ነው።

ቡዳፔስት ለማስተርስ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ነው። ሰው ስለ ትምህርቱ ሲጠይቀኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ እጨርሳለሁ። ስለ ቅዳሜዎቹ ግን አፌን ከከፈትኩ የሚያስቆመኝ የለም፤ እናቴ ራሷ ሰልችቷታል። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለ አንዷ ቅዳሜ ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ግን ሌሎቹን ማለፍ አለብኝ፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ ቤርሌት ላስረዳ። ቤርሌት ሀንጋሪዎች የወር ትኬት የሚሉት ነው። ከሜይ 2023 ጀምሮ መላ አገሪቱን የሚያስዞር ቤርሌት ወጣ፤ ሙሉ ዋጋው 18,900 ፎሪንት፣ ለተማሪ ግን 1,890። አንዲት ዜሮ ጣሉልን። በዩሮ ሲመነዘር አምስት ገደማ ነው፣ ያውም ለአንድ ጉዞ ሳይሆን ለወር። ፈጣኑ ባቡር ላይ ለመቀመጫ ትንሽ ትጨምራለህ፣ የቀረው በሙሉ ያንተ ነው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ስልክህንና የተማሪ መታወቂያህን ታሳያለህ፣ እሱም አየት አድርጎ "ኮሶኖም" ብሎ ያልፋል። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ ኧረ እኔ ነኝ የማመሰግነው እላለሁ።

የዚህን ዋጋ ክብደት የምታውቁት ገቢያችንን ስትሰሙ ነው። ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም የሚባለው የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው፤ የትምህርት ክፍያ የለም፣ ዶርም ይሰጣል፣ ለማስተርስ ተማሪ ደግሞ በወር 43,700 ፎሪንት ኪስ ይገባል። ቁጥሩ ሲጠራ ያምራል። ዩሮ ሲሆን ግን መቶ አሥር ምናምን ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በዚህ ወሩን ሙሉ መብላት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንግዲህ እንደኛ ላለ ሰው ቤርሌት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዳንዴ ቅዳሜ ባቡር ላይ የምንወጣው ዝም ብሎ ዶርም ከመዋል ስለሚረክስ ነበር። ዶርም ከዋልን እንበላለና።

አምስት ነበርን። ሞንጎሊያዊውን ካርታው እንለዋለን፤ የአገሪቱን ሐዲድ ከነመጋጠሚያው በቃሉ ይዞታል። ኬንያዊቷ ሒሳብ ሹም ናት። ማን ለማን ስንት እንዳበደረ ትመዘግባለች፣ የሀንጋሪ ትንሿ ሳንቲም አምስት ፎሪንት ስለሆነች እስከ አምስት ፎሪንቷ ድረስ። ቬትናማዊቷ ብዙ አታወራም፣ ከቦርሳዋ የማይወጣ ምግብ ግን የለም። አራተኛው የኛው ልጅ ነው። ፒኤችዲ የሚማር፣ ከእኔ አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ገና ሳይመረቅ "ዶክተር" ብለን የሾምነው ሰው። እኔ አምስተኛዋ ነኝ። የእኔ ሥራ ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም፣ ፎቶ ማንሳት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ሊቀር ለትንሽ ነው የተረፈው። ዶክተሬ ግሩፓችን ላይ በእንግሊዝኛ "ነገ በ1 ሰዓት ጣቢያው በር ላይ" ብሎ ጻፈ። በእሱ ቤት ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፣ ለእኔም ሌላ ነገር አልመሰለኝም። ጠዋት ሄድን፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጭር ብሏል። ትንሽ ቆይታ ኬንያዊቷ መጣች። ስዋሂሊም እንደኛው ሰዓትን ከንጋት ነውና የሚቆጥረው፣ የጻፈው ሐበሻ መሆኑን አይታ ጠርጥራ ነው የመጣችው። ሞንጎሊያዊውና ቬትናማዊቷ ግን ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ለጥ ብለው ተኝተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታው ሰዓት ሲጽፍ 07:00 ብሎ፣ አጠገቡ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል ይለጥፍልናል። ለሁለታችን ብሎ ነው።

ጣቢያዎቹም ራሳቸው ፈተና ናቸው። የቡዳፔስት ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፦ ኬለቲ፣ ኙጋቲ፣ ዴሊ። ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ማለት ነው። እና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቪየና የሚሄደው ባቡር ከየት ይነሣል? ከምሥራቁ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደብረጸን የሚሄደውስ? በብዛት ከምዕራቡ። ይሄን የተማርኩት ሻንጣ እየጎተትኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በመሮጥ ነው። (አዎ፣ ከተማዋ ደብረጸን ነው የምትባለው። ዶክተሬ ሰሌዳው ላይ ሲያነባት ሁሌ "እኚህ ሰዎች ገዳም አላቸው እንዴ?" ይላል።)

ሀንጋሪኛ ከጀመርን በኋላ መጀመሪያ በደንብ የገባን ቃል ሰላምታ አይደለም፣ "ቫጋኝዛር" ነው። ሐዲዱ ለጥገና ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል "ፖትሎቡስ"፣ በባቡሩ ፋንታ የሚመጣው አውቶቡስ። እነዚህን ሁለት ቃላት የያዘ ሰው በሀንጋሪ ቅዳሜና እሑድ አይጠፋም። ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

ኤገርን ቶሎ ልለፋት። ያየናት በመጀመሪያው መጸው ነው። ምሽጉም ወይኑም ጥሩ ነው፤ በ1552 ሁለት ሺህ የሚሆን ሰው፣ ሴቶቹም ጭምር፣ የኦቶማንን ግዙፍ ጦር 39 ቀን የመከተበት ግንብ ነው። ከተማዋ ኋላ በ1596 ተይዛለች፣ ቱርኮቹም 40 ሜትር የሚረዝም ሚናራ ትተው ሄደዋል። ውስጡ ደረጃ አለ፣ ዘጠና ምናምን። ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ሒሳብ ሹሟ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገብታ መሀል ላይ ተቀረቀረች። ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይመለስ። ከላይ የሚወርዱ ጀርመኖች፣ ከታች የምንወጣ እኛ። ያን ዕለት የሳቅኩትን ሳቅ ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

በዲሴምበር ካርታውና ሒሳብ ሹሟ ቪየና እንሂድ አሉ። የገና ገበያው ያምራል፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሁሉም ሰው ይሄዳል። ዶርም ውስጥ ያኔ አንድ ዓይነት ውድድር ነበር፤ ስንት አገር አየህ፣ ስንት ቀረህ። የሀንጋሪ የመኖሪያ ካርድ ያለው ሰው ሌሎቹን የሸንገን አገሮች፣ ማለትም እርስ በርሳቸው የድንበር ፍተሻ የተዉትን የአውሮፓ አገሮች፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዞር ይችላል፣ ልጆቹም በየግድግዳቸው ካርታ ለጥፈው የሄዱበትን ይቀቡ ነበር። እኔም ቪየናን ፈልጌያለሁ። ግን ቤርሌታችን ድንበር ላይ ያልቃል፣ ቪየና ደግሞ በዩሮ ነው፣ ወሩም አጋምሷል። ስለዚህ ምን አልኩ? "ጉንፋን ይዞኛል" አልኩ። አሳልኩም፣ ለማሳመን።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። እኔ ኩሽና ገብቼ እንቁላል እየጠበስኩ፣ እየዘፈንኩም ጭምር፣ ዶክተሬ ከኋላዬ መጣ። እሱ ጽሑፍ ማስረከብ ስላለበት ቀርቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና "ጉንፋኑ እንዴት አደረ?" አለ። ምን ልበል። ሳቀና ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ "በይ ኮትሽን ልበሺ" አለኝ። ሴንተንድሬ ወሰደኝ፣ ከቡዳፔስት በስተሰሜን ዳኑብ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። በ1690 ከኦቶማን የሸሹ ሰርቦች የሰፈሩባት፣ ኋላ ሠዓሊዎች የገቡባት፣ ቤቶቿ ቢጫና ሮዝ የሆኑ። ሻዩን እሱ ከፈለ። ስለ ቪየና አንድም ቃል አላነሣም። ልጆቹ ማታ ተመልሰው "ተሻለሽ?" ሲሉኝ ከእኔ ቀድሞ "በጣም ተሽሏታል፣ እኔ ነኝ ያከምኳት" አላቸው። ዶክተር አይደል።

ይሄን ያዙልኝ። በኋላ ይመጣል።

ባላቶንን ያየነው በቀጣዩ ጁን ነው። ሀንጋሪ ባሕር የላትም፣ ሐይቁን ግን "የሀንጋሪ ባሕር" ይሉታል፤ 77 ኪሎ ሜትር ርዝመት ስላለው ትንሽ የመኩራራት መብት አላቸው። በሞቃት ቅዳሜ ጠዋት ዴሊ ጣቢያ የሚሆነውን ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። ሕፃን፣ ውሻ፣ ብስክሌት፣ በአየር የተነፋ ፍላሚንጎ፣ ሁሉም አንድ በር ላይ። እኛ መቀመጫ አጥተን በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተደርድረን ነው የሄድነው።

ሴኬሽፌሄርቫር የምትባል ከተማ ላይ ባቡሩ ሲቆም ካርታው ብድግ ብሎ ሌክቸር ጀመረ። ቲሃኒ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባ ያለች ልሳነ ምድር፣ በ1055 የተመሠረተ ገዳም አላት። የገዳሙ መመሥረቻ ሰነድ በላቲን የተጻፈ ነው፣ መሀል መሀሉ ላይ ግን የሀንጋሪኛ ቃላት አሉ፤ በጽሑፍ ተርፈው ከተገኙት የሀንጋሪኛ ሐረጎች ሁሉ የጥንቱ ይኸው ነው። ምን ይላል መሰላችሁ? ጸሎት አይደለም፣ የንጉሥ ውዳሴም አይደለም። "ወደ ፌሄርቫር እስከሚወስደው የጦር መንገድ ድረስ" ነው የሚለው። የመሬት ወሰን ሲያመለክቱ ነው። ያቺ ፌሄርቫር ደግሞ ባቡራችን የቆመባት ይቺው ከተማ ናት። ቋንቋው በወረቀት ላይ መጀመሪያ የተገኘው አቅጣጫ ሲጠቁም ነው ማለት ነው! ዶክተሬ በጣም ነው የወደደው። ቀኑን ሙሉ፣ መጸዳጃ ቤት የት ነው ሲባል እንኳ፣ "ወደ ፌሄርቫር በሚወስደው የጦር መንገድ" እያለ ሲያደርቀን ዋለ።

ከባቡር ወርደን ሐይቁ በጠበበበት ቦታ፣ መኪና በሚጭነው ጀልባ ወደ ቲሃኒ ተሻገርን። አሥር ደቂቃም አይፈጅ። ገዳሙ ኮረብታው ላይ ነው፣ ሁለት ግንብ አለው፣ ከላይ ሲታይ ውኃው አንዳንዴ አረንጓዴ አንዳንዴ ወተት ይመስላል። የቲሃኒ የገደል ማሚቶ ድሮ ዝነኛ ነበር። ሰው ረጅም ነገር ተናግሮ ሙሉውን መልሶ ይሰማ ነበር አሉ፣ አሁን ቤትና ዛፍ በዝቶ ደክሟል። እኛ ግን ሳንሞክር አልተመለስንም። ዶክተሬ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "አለህ ወይ!" ብሎ ጮኸ። ዝም። ደግሞ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ከታች፣ ከዛፎቹ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በሀንጋሪኛ የሆነ ነገር መለሱለት። ስድብ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተመለስን፣ ለዋና። እዚያ በኩል ሐይቁ ጥልቀት የለውም። ጭራሽ የለውም። ዶክተሬ ዋና አይችልም፣ ውኃም ይፈራል፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ነክሮ ቆሞ ነበር። "ና፣ ምንም አይልህም" ተባለ። አንድ እርምጃ ገባ። ጉልበቱ። ሌላ ጨመረ፣ ያው ጉልበቱ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ እኛ መዋኘቱን ትተን እሱን ማየት ጀመርን። መቶ ሜትር አለፈ፣ ሁለት መቶ ይሆናል፣ ሰውዬው አነሰ፣ ከዚያ ዞረና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ "ገና ወገቤ ነውውው!" አለ። ከአምስታችን ባላቶን ውስጥ ብዙ የሄደው ዋና የማይችለው ሰው ሆነ። ኬንያዊቷ "ተዉት፣ ማዶ ሳይደርስ አይመለስም" አለች።

አሁን ወደ ቅዳሜዬ ደረስኩ።

ኦክቶበር 2024 ነው። ዳኑብ በሴፕቴምበር ሞልቶ ብዙ ቦታ አጥለቅልቆ ነበር፣ ዳር ዳሩ ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም። ዓርብ ማታ ኩሽና ውስጥ "ነገ የት ነን?" ተባለ፣ እኔ ነኝ "ኤስተርጎም" ያልኩት። ከኙጋቲ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የሀንጋሪ የመጀመሪያው ንጉሥ እስጢፋኖስ የተወለደበት ነው ይባላል፤ ኮረብታው ላይ ያለው ባዚሊካ ከአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ ነው። በ1856 ሲባረክ ፍራንዝ ሊስት ለዚያው ቀን ብሎ የጻፈውን የቅዳሴ ሙዚቃ ራሱ መርቶታል። እኔ ግን የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ባዚሊካው ከነኮረብታው አምሮ የሚታየው ከማዶ ነው፣ ከሽቱሮቮ። ሽቱሮቮ ደግሞ ስሎቫኪያ ናት። መሀል ላይ ዳኑብ አለ፣ ዳኑብ ላይ ማሪያ ቫሌሪያ የሚባል ድልድይ አለ፣ በእግር ትሻገራለህ። በእግር! ሌላ አገር! ያለ አንድ ሳንቲም! ቪየና ለቀረባት ሰው ይሄ ምን እንደሆነ አስቡት።

ዶክተሬ "ጥሩ ነው" አለ። ሩዙን እያማሰለ። ሌላ ምንም አላለም።

ድልድዩ ራሱ ታሪክ አለው። በ1895 ተሠራ። በ1944 መጨረሻ የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር አፈረሰው። ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሁለቱ ከተሞች ጉቶውን ብቻ እያዩ ቆዩ፣ እስከ 2001። በ2007 ማብቂያ ሁለቱም አገሮች ሸንገን ሲገቡ ኬላውም ቀረ። ይሄን ሁሉ ባቡር ላይ እያነበብኩላቸው ነበር። ዶክተሬ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል።

ባዚሊካውን አየን፣ ወረድን፣ ድልድዩ ላይ ወጣን። ንፋስ አለ። ካርታው እንደ ልማዱ ሃያ እርምጃ ቀድሟል። ወደ መሀሉ ስንጠጋ ዶክተሬ የድልድዩን የብረት አጥር ተደግፎ ቆመ።

"እናንተ ሂዱ" አለ። "እኔ እዚህ ሆኜ ውኃውን ልይ።"

"ምን ሆነሃል? አሞህ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም። ሂዱ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ካርዱ። የመኖሪያ ፈቃዱ አብቅቶ ለማደስ ካስገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ አዲሱ አልመጣም። እስኪመጣ የተሰጠችው አንዲት ወረቀት ናት፣ ወረቀቷ ደግሞ ሀንጋሪ ውስጥ እንዲቆይ ነው የምትፈቅደው። ድንበር አታሻግርም። ይሄን ነግሮኛል እኮ! ኩሽና ውስጥ፣ በኦገስት፣ "ካርዴ እኮ ሊያልቅ ነው" ብሎኛል፣ እኔም "አይዞህ ይመጣል" ብዬ ሽንኩርቴን ከትፌያለሁ።

ኬንያዊቷ ዞር ዞር ብላ አየችና "ማንም የለም እኮ" አለችው። "ፖሊስ የለም፣ ኬላ የለም። አሥር ደቂቃ ነው።"

"ቢኖሩስ?" አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬን ቀን፣ ቢቆሙስ? የአራት ዓመት ሥራ ነው ያለኝ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ አብሬው ቀረሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቀረሁም። "ሃያ ደቂቃ፣ ቶሎ እንመለሳለን" ብዬ ሄድኩ።

ሃያ ደቂቃ አልሆነም። ማዶ ስንደርስ ካርታው የድንበሩን ምልክት ፎቶ ካላነሣሁ አለ፣ ቬትናማዊቷ አይስክሬም አየች፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሰዎቹ ሀንጋሪኛ ነው የሚያወሩት። የከተማዋ ሰው አብዛኛው ሀንጋሪኛ ተናጋሪ ነው፤ እኛም በሌላ አገር መሬት ላይ የለመድነውን "ኮሶኖም" እያልን በራሳችን ሳቅን። ወንዙ ዳር ወርደን ፎቶ ተነሣን። ባዚሊካው እውነትም ያምራል። ስንመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖ ነበር።

ዶክተሬ የተውነው ቦታ ላይ ነው። አንገትጌውን ወደ ላይ አድርጎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። አፍንጫው ቀልቷል ብል ሳቅ ይሆንብኛል፣ ግን የሆነ ቀለም ለውጧል።

"ስንት መኪና እንዳለፈ ልንገርሽ?" አለኝ። "ከዚያ ወደዚህ 212። ከዚህ ወደዚያ 198።" ትንሽ ቆየና "አንዱንም ያስቆመው የለም" አለ።

ባቡር ላይ ሁሉም እንቅልፍ ወሰደው። እኔና እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። "ዓርብ ማታ ለምን አልነገርከንም?" አልኩት በአማርኛ፣ ሌሎቹ ቢነቁም እንዳይሰሙ።

"ቅዳሜያችሁን ላበላሽ?"

"ሌላ ቦታ እንሄድ ነበር እኮ። አገሩ ሙሉ ቦታ ነው።"

"እንሂድ ስትዪ ፊትሽን አላየሽውም" አለኝ። "እንደ ልጅ ነው ደስ ያለሽ።"

መልስ አልነበረኝም። ያቺ የውሸት ጉንፋኔ ትዝ አለችኝ። እሱ ገና በሩ ላይ ቆሞ አውቆብኛል። እኔ ባቡር ላይ፣ ባዚሊካው ውስጥ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ሦስት አራት ሰዓት አጠገቡ ሆኜ ምንም አላየሁም። ድልድይ በየት ዓመት እንደፈረሰ እያነበብኩለት!

ከዚያ በኋላ የድሮ ቅዳሜዎቻችንን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ፣ መጥፎ ልማድ ነው። ቬትናማዊቷ ማደሪያ የሚያስከፍል ጉዞ በተነሣ ቁጥር "ፈተና አለብኝ" ትል ነበር። ፈተና ሁላችንም በአንድ ወቅት ነው የምንፈተነው፣ የእሷ ግን በየወሩ ይመጣል። አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ምግብ አብዝታ የምትይዘው ስለምትወደን ብቻ ነው ብዬም አምን ነበር። ትወደናለች፣ እሱ ልክ ነው። ግን ካፌ ስንገባ ከቦርሳዋ አውጥታ የምትበላው ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። ካርታው እንኳ፣ የማይደክመው ካርታው፣ እሑድ አይሄድም ነበር። እሑድ ለሊት የሆነ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ይጭናል፣ ይሄን ያወቅነው ሊመረቅ ሲል ነው። እቅድ የሚያወጣው ሁሌም ያን ሳምንት ኪሱም ወረቀቱም የሞላለት ሰው ነው፣ እኔን ጨምሮ። ሌላው ወይ ይመጣል ወይ ሆዱን ያመዋል።

በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ኩሽና ውስጥ "ነገ የት ነን?" ሲባል ሒሳብ ሹሟ ደብተሯን ዘጋችና "ማን ምን አይችልም? መጀመሪያ እሱን እንስማ" አለች። ድልድዩ ላይ ያለችው ነገር እሷንም ሳይከነክናት አልቀረም። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ቬትናማዊቷ፣ ድምጿ እየተሰማ እየጠፋ፣ "ከሁለት ሺህ ፎሪንት በላይ አልችልም" አለች። ያን ቅዳሜ የትም አልሄድንም፣ እዚያው ቡዳፔስት፣ ማርጊት ደሴት ላይ ሣሩ ውስጥ ተኝተን ዋልን። ከምርጦቹ አንዱ ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ ዘነበ።

የዶክተሬ ካርድ የመጣው ጃንዋሪ ላይ ነው። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፈው፣ ፊቱ ላይ አውራ ጣቱን አስቀምጦ፣ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ካርታው ሳይጠየቅ ከሥሩ 07:00 ብሎ ጻፈ፣ ከነፀሐይዋ።

ፌብሩዋሪ ነው፣ ኤስተርጎም በረዶ አለ። ባዚሊካውን ያየው የለም፣ በቀጥታ ወደ ድልድዩ። መሀሉን ስናልፍ ማንም ምንም አላለም፤ ካርታው ብቻ፣ ሁሌ የሚቀድመው፣ ያን ቀን ከኋላ ነበር። ዶክተሬ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ የስሎቫኪያ አስፋልት ላይ ቆመ፣ ግራና ቀኙን አየ። አንድ የእግረኛ መንገድ፣ አንድ የተዘጋ አይስክሬም ቤት፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሴትዮ።

"ይኸው ነው?" አለ።

"ይኸው ነው" አልኩት።

"ሀንጋሪኛ ነው እኮ የሚያወሩት!"

ቡና ጠጣን፣ በዩሮ ከፈለ፣ ኬንያዊቷ መዘገበች። አንዴ ወንዙ ዳር ወርዶ ባዚሊካውን አየው፣ ጥሩ ነው አለ፣ ብርድ ነው አለ። ካርታው ሰዓቱን አይቶ እንቅልፋሞች ባቡሩ ሊያመልጠን ነው አለን፣ መሮጥ ጀመርን። ድልድዩ መሀል ስንደርስ ዶክተሬ ቆመ። ያቺው ቦታ፣ ያው የብረት አጥር። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ።

"እዚህ ጋ አንሺኝ።"

"ባቡሩ!"

"አንሺኝ እንጂ።"

አነሳሁት። መጀመሪያ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከዚያ አውጥቶ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ስሎቫኪያ አዙሮ፣ ከዚያ ወደ ሀንጋሪ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ ጣቴ ሌንሱ ላይ ነው አለ። ባቡሩ አመለጠን።